ጡቷ የተሸረፈ ጀበና፣ በውሃ ቀለም

ማቶት (እሁድ ከሰዓት)

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶውን ከላይ አስቀምጬዋለሁ። በደንብ ካልታያችሁ ንገሩኝ፣ በቀን ብርሃን ደግሜ አነሳዋለሁ።

ሥዕሉ አንዲት ጀበና ናት። ሌላ ምንም የለም። ረከቦት የለም፣ ሲኒ የለም፣ ቄጠማ የለም፣ ቡና የምታፈላ ሴት የለችም። ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥላዋ ወደ ግራ ተኝቷል፣ በቃ። ወረቀቱ ከደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም።

ያገኘኋት ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ቤት ነው። የጓደኛዬ አጎት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ግድግዳው ላይ ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ተሰቅለዋል፣ ተራራው፣ ጥምቀቱ፣ ፈረሰኛው። ይቺ ግን ጠረጴዛ ላይ ከመጻሕፍት ሥር ግማሽ አካሏ ተሸፍኖ ነበር። ጎትቼ አወጣኋት። ከዚያ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እሷን ሳይ ቆየሁ። ልግዛት ስላቸው ገረማቸው፣ «እሷ እኮ ለእጄ ማፍታቻ የሠራኋት ናት» አሉኝ።

እኔ ሥዕል አልተማርኩም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ማታ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። የጡቷ ጫፍ ተሸርፏል። ሆዷ በአንድ በኩል ቀይ ነው፣ በሌላ በኩል ጠቁሯል። ጆሮዋ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ከጆሮዋ ሥር፣ ሆዷ ላይ በሚጣበቅበት ቦታ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ነገር አለች። እዚያ ጋ ቀለም ያመለጣቸው መሰለኝ።

እቤታችን ከዚህች የምታምር ጀበና አለች። ለእሷ ዞር ብዬ አላውቅም። ታዲያ ይቺ የወረቀቷ ለምን ያዘችኝ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።


ቀለምና ውሃ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥሩ ዓይን አለሽ።

እኔ በውሃ ቀለም መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የታየኝን ልንገርሽ።

ሆዷ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሚያበራ ቦታ አለ አይደል? ነጭ ቀለም እንዳይመስልሽ። ባዶ ወረቀት ነው። በውሃ ቀለም ብርሃን አይቀባም፣ ይተዋል። በዘይት ብትሠሪ መጨረሻ ላይ ነጭ ጨምረሽ ብርሃኑን ታመጪዋለሽ። እዚህ ግን ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት ብርሃኑ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ በዙሪያው እየሄደ ያችን ቦታ ሳይነካ መጨረስ አለበት። አንዴ ከተነካች ሄደች። እኔ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አትጠይቂኝ።

ሁለተኛ፣ ቀዩና ጥቁሩ የሚገናኙበትን እዪ። መስመር የለም። ቀዩ ሳይደርቅ ጥቁሩን አስጠግተው ለቀውታል፣ ቀሪውን ውሃው ራሱ ነው የሠራው። ያን ጊዜ ሠዓሊው እጁን መሰብሰብ አለበት። ላስተካክል ያለ ያበላሸዋል።

አንገቷ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አድርገዋል። ብሩሹ ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ነክቶ ጎድጓዳውን ዘሎታል። ለዚህ ነው ሸክላው በጣትሽ የሚዳሰስ የሚመስልሽ።

ጥላው ሰማያዊ ይላል። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ በበርንት ሲየና፣ በቀይ ቡናማው ቀለም፣ ተበጥብጦ ነው። የአልትራማሪን ቅንጣት ይሰባሰባል፣ ሲደርቅ ወረቀቱ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አጠገቡ ሆነሽ ብታዪው አቧራ አቧራ ይመስላል።

ያቺ ከጆሮዋ ሥር ያለችው ግን ልክ ነሽ፣ ያመለጠች ጠብታ ትመስለኛለች። ብሩሽ ላይ ውሃ ሲበዛ ይፈጠራል። በውሃ ቀለም ስህተት አይሸፈንም። እኔ ብሆን እሷን አይቼ ወረቀቱን አልጥለውም።


ፒያሳ

እኔ ስለ ቀለም ምንም አልልም። ብቻ ፎቶውን እንዳየሁ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። ጠዋት ከእንቅልፌ ሳልነሳ የጀበናዋን ድምፅ ነበር የምሰማው፣ ልትገነፍል ስትል የምታሰማውን። ማቶቷ ከአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለውም የጨርቅ ይመስላል። አመሰግናለሁ።


የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቀጨኔ ነው ያደግኩት። እኔ ራሴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አፈር ስነፋ፣ ጭቃ ስረግጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ጀበናዋ ልናገር።

ሰው ጀበና ሲያይ አንድ ዕቃ ይመስለዋል። ለሚሠራት ግን አራት ዕቃ ናት፣ ሆድ፣ አንገት፣ ጡት፣ ጆሮ። አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይነከራል፣ ይቦካል። ውስጡ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይገባበታል። የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ አዲሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ያ ካልገባበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል። መሽከርከሪያ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ናት ዕቃውን እየዞረች የምትሠራው፣ ወገቧን አጉብጣ። ዛሬ ወገቧ የማይቀናው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሆዷ ይሠራል። ከዚያ ትንሽ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል። እርጥብ ሆኖ አንገቱን ብታስቀምጪበት ይሰምጣል። አንገቱም እንዲሁ ይጠበቃል። መጨረሻ ጡቱና ጆሮው ይለጠፋሉ። ጆሮው ከሁሉም ያስቸግራል። ሆዱ ከረጠበ ጆሮው ይዞት ይወርዳል፣ ከደረቀ ደግሞ አይጣበቅም፣ እሳት ውስጥ ጠብ ይላል። ሰዓቱን የምታውቀው በጣቷ ነው፣ ነካ አድርጋ።

ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ትታሻለች። ብርሃን የምትመልሰው በዚህ ነው እንጂ ምንም አይቀባባትም። ጥላ ሥር ቀናት ትቆያለች። እሳቱ ሜዳ ላይ ነው፣ ምድጃ የለም። ኩበት፣ ሣር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተከምሮ ይለኮሳል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ። ማቶት፣ ሆዷ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ አይደለም። ጥላ ቢሆን ብርሃኑ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሆን ነበር። ይሄ ግን ከብርሃኑ ጎን ነው ያለው። የእሳት ምልክት ነው። ኩበቱ ተጠግቷት አየር ያጣችበት ቦታ ይጠቁራል፣ አየር ያገኘችበት ይቀላል። ብዙ ጊዜ ጀበና ከእሳት ስትወጣ በጭስ ሙሉ በሙሉ ትጠቁራለች፣ ይቺ ግን እንዳለች ነው የተሸጠችው። እና እኚህ ሠዓሊ ያንን ልዩነት አይተዋል። ብዙ ሥዕል ላይ ጀበና ቡናማ ቀለም የተቀባች ዱባ ሆና ነው የማያት። እሳቷን የሣለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ነው ያልተውኩት።


ከመቀሌ

ጥሩ ትምህርት ነው። እኛ ጋ ጀበና ጡት የላትም፣ በአንገቷ ነው የሚቀዳው፣ አፏ ላይ ማጣሪያ ተወትፎ። ለዚህ ይቺን ሳይ መጀመሪያ እንግዳ ሆነችብኝ፣ ከዚያ ለመድኳት። ሥዕሉ በጣም ደስ ይላል።


ጅዳ ያለሁ

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ እናትሽን እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔ የተሸረፈውን ጡት ሳይ ነው ዓይኔ የቆመው። ጀበናዬን ከአገር ቤት ስመጣ በጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ነበር የከተትኳት። እዚህ ደርሼ ስከፍተው ጡቷ ተሰብሯል። ስብርባሪውን ጋቢው ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፣ ሁለት ቁራጭ። አልጣልኩትም። ጀበናዋንም አልጣልኳትም።

ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። ዓርብ ዕረፍት ስላለኝ ከጓደኞቼ ጋር እናፈላለን። በተሸረፈው በኩል ሲቀዳ ቡናው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ሲኒውን ትንሽ ወደ ቀኝ አስጠግቼ ነው የምቀዳው። እጄ ለምዶታል። ባለፈው አገር ቤት ሄጄ በእናቴ ጀበና ስቀዳ ረከቦቱ ላይ አፈሰስኩት፣ እጄ ወደ ቀኝ ሄዶብኝ።

ይቺ ሥዕል ላይ ያለችው ጀበናም ወደ አንድ ጎን ነው የምትቀዳው። ሽራፊው ከታች በስተግራ ነው። የተጠቀመባት ሰው ሲኒውን ወደ ግራ ያስጠጋ ነበር ማለት ነው። ማቶት፣ ሠዓሊውን ጠይቂልኝ።


ቀጥታ ልናገር

ሥዕሉን አልጠላሁትም፣ ግን አንድ ነገር ውስጤን በልቶኛል።

ሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ፊርማ አለ። ጀበናዋ ሥር የማን ስም አለ? የማንም። ያቺን ጀበና የሠራች ሴት ገበያ ወስዳ በስንት ሸጠቻት? ተደራድረንባታል፣ «ይቺ ጭቃ ናት እኮ» ብለናታል። የሸክላ ሠሪ ልጅ አንዳንዱ አገር ጋብቻ አይሰጠውም ነበር። ቡዳ ነሽ ተብላ ልጅ እንዳታይ የተከለከለች እናት አለች። ዛሬ የሠራችው ዕቃ በፍሬም ሲሰቀል ሁላችን ውበቱ ታየን። የዕቃውን ውበት ለማየት ወረቀት ላይ እስኪወጣ ለምን ጠበቅን? ማቶት፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። አንቺው ነሽ «እቤት ያለችውን ዞር ብዬ አላያትም» ያልሽው። እኔም አላያትም። ለሁላችንም ነው የምናገረው።


የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። አንድም ቃል አልቀንስብህም። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት የእናቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ናት» እል ነበር። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ስድቡ ሳይሆን ይሄ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሳደብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እናቴ ግን በእኔ ዕድሜ ስትሰደብ ሰምቻለሁ።

ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ሠዓሊው የቀማት ነገር የለም። ሥዕሉን ሳይ ሴትዮዋ ጠፍታ አላገኘኋትም። እሳቷ አለ፣ የጆሮው መዝመም አለ። አሳምረው ቢሥሏት፣ ጆሮዋን አቃንተው፣ ጡቷን ጠግነው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አዝን ነበር።


አሥር ብር

ስለ ክብር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ናይጄሪያ ውስጥ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሴቶች በእጃቸው እየዞሩ ሸክላ ከሚሠሩበት መንደር ነው የወጣችው። ዛሬ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ሸክላዋን ስትሠራ ምስሏ አለ። ሰው በኪሱ ይዟት ይዞራል።

እኛ የድሮው አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ነበረችን፣ ታስታውሷታላችሁ። ልጅ ሆኜ በጣም ነበር የምወዳት። ሸክላ ሠሪ ግን በየትኛውም ብራችን ላይ አይቼ አላውቅም።


ቤርሳቤህ

ሰላም ወገኖቼ። ከእስራኤል ነው የምጽፈው።

አያቴ ወለቃ ነበረች፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው መንደር። የእኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ወንዶቹ ብረት። ማረሻችሁን የቀጠቀጠው፣ ምጣዳችሁን የሠራችው እኛ ነን። መሬት ግን አልነበረንም፣ ስማችንም ያው ቀጥታ ልናገር የጠቀሰው ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስንወጣ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው በአውሮፕላን የወጣው። ዕቃ መያዝ አይቻልም ነበር። አያቴ መቀነቷ ውስጥ አንድ ነገር ቋጥራ ይዛ ነበር። እዚህ ደርሳ ስትፈታው ድንጋይ ነው። የማለስለሻ ድንጋይዋ። እናቴ ተቆጣቻት፣ ስንት ነገር ትተን ድንጋይ ይዘሽ መጣሽ ብላ።

እዚህ ጥቂት ሞክራ ነበር። አፈሩ አልሆነላትም፣ ፎቅ ላይ ኩበት የት ይነዳል? ተወችው። ድንጋዩ ግን አልጋዋ አጠገብ ነበር። አሁን እኔ ጋ ነው። እንቁላል ያህላል። በአንድ ጎኑ ፊትህን ሊያሳይህ ምንም አይቀረው፣ በሌላው ጎኑ ተራ የወንዝ ድንጋይ ነው። ከእሷ በፊት የእናቷ ነበር። ስንት ጀበና፣ ስንት እንስራ ቢታሽበት ነው እንዲህ የሆነው እያልኩ አስባለሁ።

ማቶት፣ የሥዕሉ ሆድ ላይ ያንን የተተወ ብርሃን ሳይ ድንጋዩ ትዝ አለኝ። ያ ብርሃን በድንጋይ ነው የመጣው፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን አሽታው።


የሥዕል መምህር

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ማለትም «ለምን ያዘችኝ» ስለሚለው ትንሽ ልበል። ሃያ ዓመት ሥዕል አስተምሬያለሁ።

ተማሪዎቼን ጀበና ሣሉ ስላቸው የቡና ሥነ ሥርዓት ነው የሚሥሉልኝ። ጭሱን፣ ፈንዲሻውን፣ ቀሚሱን፣ ጥልፉን። ጀበናዋ ምልክት ትሆናለች፣ የባህል ምልክት። ምልክት ደግሞ ማንም አያይም፣ ያነበዋል ያልፋል። የአየር መንገድ መጽሔት ላይ፣ የሆቴል ግድግዳ ላይ ስንት ጀበና አይታችኋል? አንዷን ታስታውሳላችሁ?

እኚህ ሰው ሁሉንም አውጥተው አንዷን ብቻ አስቀሩ። ያን ጊዜ ዓይን የሚሄድበት ሲያጣ ሽራፊዋን ያያል፣ የጆሮውን መዝመም ያያል። ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ (1890–1964) ቦሎኛ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ ጠርሙስ፣ ማሰሮና ቆርቆሮ ሲሥል ኖሯል፣ እነዚያኑ ዕቃዎች ቦታ እያቀያየረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ በውሃ ቀለምም ሠርቷል፣ አንዳንዱ ላይ ዕቃው ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። ማንም ዕቃ በቂ ጊዜ ካዩት የሚያልቅ አይደለም። እኔም ተማሪዎቼን የምለምናቸው ይህንኑ ነበር።

በነገራችን ላይ የእጅ ማፍታቻ ነው ማለታቸው አያስደንቅም። ሰው ለኤግዚቢሽን ሲሥል ሊታይ ያሰበውን ይሥላል። ለእጁ ሲሥል ፊቱ ያለውን ይሥላል።


ቀለምና ውሃ

ከትናንት ጀምሮ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የጻፈችውን ሳነብ ነው የዋልኩት። በተለይ የእሳቱን። አንድ ነገር ብልጭ ብሎልኝ ነው ተመልሼ የመጣሁት።

የሆዷ ቀይ ቀለምም ጥላው ውስጥ አለ ያልኩት በርንት ሲየና ነው። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አፈር ነው። ሲየና የጣሊያን ከተማ ናት፣ ቢጫ አፈሯ ውስጥ ብረት አለ። ያንን ቢጫ አፈር እሳት ላይ ሲያደርጉት በብረቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይለቅና ይቀላል። የተቃጠለ የሲየና አፈር ማለት ነው ስሙ። ሸክላስ ለምን ይቀላል? በዚያው ምክንያት። ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እሳትና አየር ሲያገኝ።

ዛሬ ብዙው ቱቦ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ያም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም። ሠዓሊው የተቃጠለ አፈርን በተቃጠለ አፈር ነው የሣሉት።

ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚይዘው ደግሞ ሙጫ ነው፣ ከግራር ዛፍ የሚወጣው፣ ሱዳን ቆላና እኛ ቆላ የሚለቀመው። የውሃ ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም፣ የግራር ሙጫና ውሃ ነው። ሸክላ ደግሞ አፈር፣ ውሃና እሳት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለሙን ከሱቅ ገዝቼ ስጨምቅ እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ቱቦውን ከፍቼ አሸተትኩት።


ማቶት (ረቡዕ ማታ)

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ቤርሳቤህ፣ የድንጋዩን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች።

ቀጥታ ልናገር፣ አልተቀየምኩም። ዛሬ ጠዋት የእኛን ጀበና አውርጄ መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። እሷም ከጀርባዋ የእሳት ምልክት አላት። ስድስት ዓመት ቡና ጠጥቼባታለሁ፣ አላየሁትም ነበር።

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ፍሬም ላስገባት ነው። ሳሎናችን ፀሐይ በደንብ ይገባዋል። ቀለሙ ይለቅቃል የሚሉኝ አሉ።


ቀለምና ውሃ

ፀሐይ ቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ አርቂያት። ደግነቱ የአፈር ቀለምና አልትራማሪን በብርሃን በቀላሉ አይለቁም። የምፈራልሽ ለወረቀቱ ነው፣ ይበጫል። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባበት፣ እርጥበት ከያዘው ይሻግታል። ካርቶኑ አሲድ የሌለበት እንዲሆን ጠይቂ። ወረቀቷን በማጣበቂያ ሙሉ በሙሉ እንዳይለጥፉብሽ፣ ከላይ በኩል ብቻ ትንጠልጠል።


የሸክላ ሠሪዋ ልጅ (ሐሙስ ማታ)

ዛሬ እናቴ ቤት ነበርኩ። ሥዕሉን በስልክ አሳየኋት።

መጀመሪያ ፎቶ መሰላት። ሥዕል ነው ስላት ስልኩን ተቀበለችኝ። አሁን ሸክላ መሥራት ትታለች፣ ወገቧ እምቢ ብሏታል፣ ጣቶቿ ግን ያው ናቸው። እንዴት እንደምታጎላው አሳየኋትና ለብቻዋ ተወኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፣ እንደ አነጋገሯ ልጻፈው።

«ይቺ ገበያ የደረሰባት ናት። ቸኩላለች። ሆዱ ሳይጠነክርላት ነው ጆሮውን የለጠፈችው፣ ይኸው ዘንበል አለባት። እንዳይወርድባት ከሥር በአውራ ጣቷ ገፋ አርጋ ይዛዋለች። ጣቷን ማጥፋት ነበረባት፣ በድንጋዩ አልሄደችበትም። ይኸውልሽ ጣቷ።»

የያዘችው ቦታ ያችን የስንዴ ፍሬ የምታህለውን ነው። ማቶት፣ ያመለጠች ጠብታ ያልናትን።


ቀለምና ውሃ

እኔ ነኝ ጠብታ ናት ያልኩት። ማቶት፣ እባክሽ ዋናውን አጠገቡ ሆነሽ እዪው። ጠብታ ከሆነች ጠርዟ በሁሉም ጎን አንድ ዓይነት ሆኖ ይደርቃል፣ እንደ ቡና ጠብታ። በብሩሽ የተሠራች ከሆነች መጀመሪያና መጨረሻ ይኖራታል።


ማቶት (ዓርብ)

ማታ በአባቴ ማጉያ መነጽር አየኋት። ጠብታ አይደለችም። ሁለት የብሩሽ ጭረት ናት፣ አንዷ ሰፋ ያለች፣ አንዷ ከላይ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለች ቀጭን። ከሥሯ ያለው ቀይ ቀለም ከደረቀ በኋላ ነው የተጨመረችው፣ ጠርዟ ጥርት ብሏል። ቀጭኗ የጥፍር ናት መሰለኝ።

ጠዋት ለሠዓሊው ደወልኩላቸው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እናት ያሉትን ነገርኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ጀበናዋ የእናታቸው ነበረች፣ አሁን እሳቸው ጋ መደርደሪያ ላይ ናት። ጅዳ ያለሁ፣ የአንቺንም ጠየቅኩልሽ፣ አዎ፣ እናታቸው ሲኒውን ወደ ግራ ነበር የሚያስጠጉት።

ስለ ጣቷ ግን እንዲህ አሉኝ። «ያቺን መጨረሻ ላይ ነው የሠራኋት። እዚያ ጋ የሆነ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ስላለ አስቀመጥኩት።»

ከዚያ «ቆይ አንዴ» ብለው ስልኩን አኖሩት። ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ቆይተው ተመለሱ።

«የእኔ አውራ ጣት አይገባበትም» አሉኝ። «ትንሽ እጅ ነው። የልጅ ሳይሆን አይቀርም።»